ድምፅ ከሳተ ልብ ሄዷል

ሐሳብ አላስተኛው ላለ ሰው ሁሉም የሚሰጠው ምክር «አታስብ» የሚል ነው። ይህ ምክር ለማንም ሲሠራ አይቼ አላውቅም። አእምሮ ባዶ ሁን ስላሉት ባዶ አይሆንም፤ የሚይዘው ነገር ሲሰጡት ግን ይሰበሰባል። ይህን ያየሁት ጋይንት ቤተልሔም፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ በሚሰጥበት ድጓ ጉባኤ ላይ ነው።

ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። በየአገሩ ድጓ የተማረ ሰው መምህርነቱን ለማስመስከር እዚያ ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚማረው ደግሞ ዙር አባ ይወጣል። እኔ ከስማዳ ቆላ አኩፋዳዬን አንግቤ የወጣሁት በልጅነቴ ነው። ዛሬ ነፋስ መውጫ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ስለ አንጎል ባነበብኩ ቁጥር ግን ልቤ የሚሄደው ወደዚያ ጉባኤ ነው።

የድጓ ቃል ከላዩ በጥቃቅን ምልክቶች የተሞላ ነው። ድፋት ድምፅን ዝቅ ያደርጋል፤ ቅናት ከፍ ያደርገዋል፤ ይዘት ያቆየዋል፤ ቁርጥ ይቆርጠዋል፤ ርክርክ ያንቀጠቅጠዋል። ሂደት፣ ጭረት፣ ድረትም አሉ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው ሊቃውንቱ ይናገራሉ። በዚያ ላይ ዜማው ግዕዝ ነው፣ ዕዝል ነው ወይስ አራራይ? ተማሪው ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መጠበቅ አለበት።

ሐሳብህ ወደ እናትህ ቤት ሾልኮ ከሄደ ድምፅህ ወዲያው ያሳብቅብሃል። የኔታ መጽሐፍ አያዩም። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ርክርኩን ስትዘል «ተመለስ» ይላሉ። የት ነበርክ ብለው አይጠይቁም፤ አይቆጡም። አንተም ከቃሉ ራስ ትጀምራለህ፤ እንደገና ትሄዳለህ፤ እንደገና «ተመለስ»። አንድ ጊዜ ከጉና ተራራ በሚወርደው ብርድ እየተንቀጠቀጥን ስንቀጽል፣ አንዱ ጓደኛችን «የኔታ፣ ልቤ እየሄደ አስቸገረኝ» አላቸው። «ልጄ፣ የማይሄድ ልብ ያለው ማን አለ? አንተ ብቻ ቶሎ ተመለስ» አሉት። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ትምህርት እስካሁን አልሰማሁም። ሰው የሚደክመው ሐሳቡ ስለሄደ ብቻ አይደለም። ለምን ሄደ ብሎ ከራሱ ጋር ሲጣላም ይደክማል።

የዘመኑ ሳይንስ ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2001 ማርከስ ሬይክል የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው፣ ሰው በሥራ ሳይጠመድ ሲቀር ይበልጥ የሚነቃ የአንጎል ክፍሎች መረብ እንዳለ አሳዩ። ስለ ራሳችን፣ ስላለፈውና ስለሚመጣው ስናሰላስል ይህ መረብ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት 2,250 ሰዎችን በስልክ መተግበሪያ፣ በቀኑ ልዩ ልዩ ሰዓት፣ አሁን ምን እየሠሩ እንደሆነ፣ ስለ ምን እያሰቡ እንደሆነና ምን እንደሚሰማቸው ጠየቁ። 46.9 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ሐሳባቸው ከያዙት ሥራ ርቆ ነበር፤ በራቀ ጊዜም ደስታቸው ያንስ ነበር። ሐሳባቸው ደስ ወደሚል ነገር ሄዶ እንኳ ሥራቸው ላይ ካሉበት ጊዜ የበለጠ አልተደሰቱም።

እዚህ ላይ ግን ለወገኖቼ ልከራከር። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳ ዝናብ የሚያስጨንቅባቸው ወረዳዎች ናቸው፤ በሴፍቲኔት የኖረው ቤተሰብ ብዙ ነው። ሰኔ ላይ ሰማይ ሰማዩን የሚያይ አባት «ስለ ነገ አትጨነቅ» ቢባል ይቆጣል፤ እውነቱንም ነው። ስለ ዘርና ስለ በሬ ማሰብ በሽታ አይደለም። የሚጎዳው አንዱ ሐሳብ ምንም ሳይወስን፣ እህል በሌለበት አውድማ እንደሚዞር በሬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር ነው። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ሲገባ እዚህ የነበሩ ልጆችም በር ሲንኳኳ የሚደነግጡት ሰንፈው አይደለም። ክፉ ነገር ያየን ሰው ዐይንህን ጨፍነህ ጸጥ በል ማለት አንዳንዴ ያባብስበታል። ለእንዲህ ያለው ሰው ዐይን ተከፍቶ፣ እጅ ሥራ ይዞ፣ ድምፅ እየተሰማ ቢሆን ይሻላል እላለሁ።

አንዲት ተማሪዬ «መምህር፣ ማታ ማታ ሐሳብ አላስተኛኝ አለ» ብላ መጣች። ዳዊቷን ድምፅ አውጥታ፣ ቀስ ብላ እንድትደግም ነገርኳት። ትንፋሽን ረዘም አድርጎ ማውጣት ቫገስ በሚባለው ነርቭ በኩል የልብን ምት ዝግ እንደሚያደርግም አስረዳኋት። ጥቂት አሰብ አድርጋ «እስቴ ያለችው አያቴ ጥጥ ስትፈትል ማንንም አታናግርም፤ ልቧ ከሄደ ክሩ ይበጠሳል» አለችኝ። ድጓ ያልተማረ ሰውም እንዲህ ያለ ሥራ አያጣም። ቡና መቁላት፣ ማጭድ መሳል፣ መሶብ መስፋት ሁሉ ይሆናል፤ ስልኩ ከአጠገብ ይራቅ እንጂ።

ድጓ ምስጋና ነው፤ ለጭንቀት ማስታገሻ አልተደረሰም፤ እንደዚያ አድርጎ መሸጥም ነውር ነው። የጉባኤው ሥርዓት ግን ለሁላችንም የሚሆን ነገር ይዟል።

አንባቢዎቼ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከዘለቀ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ወይም መኖር ካስመረረ፣ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ጠበል ጀምራችሁ ከሆነም ጠበሉን አታቋርጡ፤ ሐኪም ያዘዘላችሁንም መድኃኒት አታቋርጡ።