ጫፍ የሌለው አርኤንኤ

ከጡት ዕጢ የተወሰደ ናሙና ፓቶሎጂ ክፍል ሲደርስ ሦስት ነገሮች ይፈለጉበታል፦ የኤስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይ እና ሄር-2 የሚባለው ፕሮቲን። ሦስቱም ከታጡ ካንሰሩ ትሪፕል ኔጋቲቭ ይባላል። ከመቶ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት እዚህ ይመደባሉ። ፈጥኖ ያድጋል፣ ቶሎም ይሰራጫል። የሆርሞን ክኒኑም ሆነ ፀረ ሄር-2 መድኃኒቱ የሚይዘው ስለሚያጣ፣ ሕክምናው ለረጅም ጊዜ የኬሞቴራፒ ጥገኛ ሆኖ ኖሯል።

ይህን «የለም» የሚል ውጤት ደግመን እንድንመረምረው ካስገደዱን ነገሮች አንዱ ክብ አርኤንኤ ነው።

አርኤንኤ ከዲኤንኤ የተቀዳ ትእዛዝ ነው። ሲቀዳ የማያስፈልጉት ቁርጥራጮች ይወጡና የቀሩት እንደ ጨሌ በተራ ይሰካሉ። አንዳንዴ ግን የኋላው ጫፍ ዞሮ ከፊተኛው ጋር ይገጥማል፤ ክሩም ቀለበት ይሆናል። ከዚህ የሚያተርፈው ዕድሜ ነው። አርኤንኤ የሚበሉት ኢንዛይሞች በአብዛኛው ከጫፍ ነው የሚጀምሩት፤ ጫፍ የሌለውን ከየት ይጀምሩታል? ብዙው ቀጥተኛ አርኤንኤ በሰዓታት ውስጥ ሲያልቅ፣ ክቡ ከሁለት ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል።

እነዚህ ቀለበቶች እ.ኤ.አ. በ1979 በሰው ሕዋስ ውስጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታይተው ነበር፤ ግን የሕዋስ ስሕተት እየተባሉ ለብዙ ዓመታት ታለፉ። በ2013 በዴንማርክና በጀርመን የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች አንዱ ቀለበት ሚር-7 የተባለችውን ማይክሮ አርኤንኤ የሚይዝባቸው ከ70 በላይ ቦታዎች እንዳሉት አሳዩ። ማይክሮ አርኤንኤዎች የጂኖች ልጓም ናቸው፤ ልጓሙን የያዘ ቀለበት ጂኑን ይለቀዋል ማለት ነው። በትሪፕል ኔጋቲቭ ዕጢዎች ከኪፍ4ኤ ጂን የሚወጣው ቀለበት ይህንኑ ያደርጋል፤ ሚር-375ን ይዞ ለካንሰሩ ዕድገት መንገድ ይከፍታል። ሁሉም ክፉ አይደሉም፤ ከኤፍቢኤክስደብሊው7 ጂን የሚወጣው ዕጢውን የሚገታ አነስተኛ ፕሮቲን ያሠራል።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ከራሱ ከሄር-2 ጂን የሚወጣው ቀለበት ነው። በ2020 የቻይና ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ «ሄር-2 የለም» በተባለባቸው አንዳንድ ዕጢዎች ውስጥ ይህ ቀለበት አለ፤ 103 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ፕሮቲንም ያሠራል። ሙሉው ሄር-2 1,255 አለው። ትንሹ ፕሮቲን በሕዋሱ ላይ ያሉ ሌሎች የዕድገት ተቀባዮችን እያጣመረ «እደግ» የሚለውን ምልክት ያበረታል። ቀለበቱ ያለባቸውን የዕጢ ሕዋሳት የተሸከሙ አይጦች ፐርቱዙማብ ሲሰጣቸው የዕጢው ዕድገት በጣም ተዳከመ፤ ቀለበቱ በሌለባቸው ዕጢዎች ላይ ግን መድኃኒቱ ለውጥ አላመጣም። ፐርቱዙማብ ደግሞ በአሜሪካ ከ2012 ጀምሮ ሄር-2 ለተገኘባቸው ሴቶች ሲሰጥ የኖረ መድኃኒት ነው።