ከለገጣፎ እስከ ቆቃ፦ የሽንኩርት ዋጋ ከግድቡ ይጀምራል



ዛሬ የዋጋ ዝርዝሩን ለጊዜው እናቆየውና ከዋጋው ጀርባ ስላለው ውሃ እናውራ። ከለገጣፎ፣ ከሰበታና ከቡራዩ የምትከታተሉን ነጋዴዎች በጋ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ድንገት ሲወደድ "የደላላ ሥራ ነው" ትላላችሁ። ደላላው የለበትም አንልም። ግን ደላላው የሚጫወተው አቅርቦት ሲሳሳ ነው፤ አቅርቦቱን ከሚያሳሱት ነገሮች አንዱ ደግሞ የቆቃ ግድብ የውሃ መጠን ነው።

አቀማመጡን እንየው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚዘንበው በሙገር ወንዝ በኩል ዓባይ ገብቶ ወደ ህዳሴ ግድብ ይሄዳል። ቡራዩ፣ ሰበታና ለገጣፎ ላይ የሚዘንበው ግን በአቃቂና በሌሎች ገባሮች ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከፊሉ መንገድ ላይ በገፈርሳ፣ በለገዳዲና በድሬ ግድቦች ተይዞ ለአዲስ አበባ መጠጥ ይውላል፤ የተረፈው ቆቃ ይገባል።

ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ነበር የተሠራው። ገንዘቡም ከጣሊያን የጦር ካሳ የተገኘ ነው። ግን ክረምት ሞልቶ በጋ ይሳሳ የነበረውን አዋሽን ዓመቱን ሙሉ በተሻለ መጠን የሚፈስ ወንዝ ስላደረገው፣ ከመብራቱ ይልቅ እርሻው ገነነ። ከግድቡ በፊት በ1946 ዓ.ም. የጀመረው ወንጂ ስኳር አስተማማኝ ውሃ አገኘ። ከዚያ መተሐራ ስኳር፣ የመርቲና የኑራ ኤራ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ዝቅ ሲል የአሚባራና የመልካ ወረር ጥጥ ተከተሉ። ሐይቁ ዙሪያ ደግሞ ገበሬው በፓምፕ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል፤ የአበባ እርሻዎችም አሉ። ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልመጣም። የከረዩ አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሻቸውን ለመተሐራ ሸንኮራ አጥተዋል።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። ግድቡ በየክረምቱ አንድ ፈተና አለበት። ነሐሴ ላይ ጎርፍ እንዳይመጣ ቦታ ይተውለት? ወይስ ለበጋው ይሙላ? ቦታ ከተተወና ዝናቡ ቀድሞ ከወጣ በጋው ውሃ ያጥረዋል። ሞልቶ ሳለ ከባድ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ውሃው ተለቆ ታች ያለውን ማሳ ያጥለቀልቃል። ወንጂ ይህንን በደንብ ያውቀዋል።

ፈተናውን የሚያከብደው ደለል ነው። ከላይ ከተራቆተው ተዳፋት፣ ከታረሰው ማሳና ከየግንባታው ታጥቦ የሚመጣው አፈር ሐይቁ ውስጥ ይቀመጣል። እስካሁን የተከማቸው በመቶ ሚሊዮኖች ሜትር ኩብ የሚቆጠር ነው። ጎተራው በጠበበ ቁጥር ለጎርፍ የሚተወውም፣ ለበጋ የሚቀመጠውም ያንሳል። በዚህ ላይ እንቦጭ አለ፤ በአገራችን መጀመሪያ ከታየባቸው ውሃዎች አንዱ ቆቃ ነው።

ይህ ኩንታል ላይ እንዴት ይደርሳል? ሐይቁ ሲሸሽ ገበሬው ቱቦ ይቀጥላል፣ ፓምፑ ብዙ ናፍጣ ይበላል። ወጪው ሲከብደው ማሳውን ይቀንሳል። ሁለትና ሦስት ወር ቆይቶ ገበያ የሚገባው ምርት ያንሳል። እኛ "ድንገት ተወደደ" የምንለው ያኔ ነው፤ ነገሩ ግን ድንገት አልነበረም።

ላኪዎች ደግሞ ጥራቱንም ማየት አለባችሁ። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ከተሞች ፍሳሽ በአቃቂ አድርጎ እዚያው አዋሽ ውስጥ ነው የሚገባው። የውጭ ገዢ የመስኖ ውሃ ምርመራ ሲጠይቅ መልስ ማጣት ገበያ ማጣት ነው።

አንድ የተለወጠ ነገር አለ። ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። የቆቃው 43 ሜጋ ዋት የዚህ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ከቆቃ በታች ያሉት አዋሽ ሁለትና ሦስት ቢደመሩም ከ107 ሜጋ ዋት ብዙም አይበልጥም። ተርባይኑ ያሳለፈው ውሃ ለመስኖ ይተርፋል፤ እውነት ነው። ጥያቄው መቼ ይለቀቅ የሚለው ነው። በእኛ እይታ ዛሬ የቆቃ ውሃ ትልቁ ዋጋው ሽንኩርቱ፣ ስኳሩና ጥጡ ላይ ነው፤ የአለቃቀቁ ሰዓትም የገበሬውን የዘር ወቅት ቢከተል አገር ይጠቀማል።

እስከዚያው ምን እናድርግ?

፩. ነጋዴዎች፦ መስከረም መጨረሻ ላይ ሐይቁ ምን ያህል እንደሞላ ሳታጣሩ የበጋ ውል በቁርጥ ዋጋ አትግቡ።

፪. ዩኒየኖች፦ የውሃው መጠን በየሳምንቱ ለሕዝብ እንዲገለጽ በጋራ ጠይቁ። የቡና ዋጋ በየቀኑ እየተነገረን የቆቃ ከፍታ ሚስጥር የሚሆንበት ምክንያት የለም።

፫. ላይ ያላችሁ የለገጣፎ፣ የቡራዩና የሰበታ ሰዎች፦ ከእናንተ ደጅ የሚታጠብ አፈርና የሚለቀቅ ፍሳሽ ቆቃ ደርሶ፣ በሽንኩርት ዋጋ ተመልሶ ቤታችሁ ይመጣል። እርከኑም ፍሳሽ ማጣሪያውም የገበያ ጉዳይ ነው።

በአካባቢያችሁ ውሃው እንዴት ነው? ቆቃ ዙሪያ ያላችሁ ጻፉልን፣ ለሌሎች እናካፍላለን።

መልካም ገበያ!