ቅጂውና ዋናው፦ የታብሌትን ማከማቻ ስለ ማስለቀቅ

የዛሬው ርዕሰ ጉዳይ ከዚህ መድረክ ሊነገር የሚገባው ነውን ብላችሁ ብትጠይቁ አልፈርድባችሁም። ታብሌት ሲሞላ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ለጥገና ሱቅ የሚተው ይመስላል። እኔም አንድ ተማሪዬ ከመስክ እስከ ደወለልኝ ዕለት ድረስ እንዲሁ አስብ ነበር።

ተማሪው ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚሆነውን መጠይቅ በታብሌት ይሞላ ነበር። ሥራው ሊጠናቀቅ ሁለት ቀን ሲቀረው መሣሪያው ማከማቻው መሙላቱን እያስታወቀ አዲስ መጠይቅ አልቀበል አለው። እኔም ለስብሰባ እየተቻኮልሁ ‹‹መተግበሪያውን አጽዳውና ቀጥል›› አልሁት። እርሱም አጸዳው። አካባቢው ኔትወርክ የማይደርስበት ስለ ነበረ፣ ገና ያልተላኩት የዘጠኝ ቀን መጠይቆች አብረው ጠፉ። ጥፋቱ የተማሪው አልነበረም፤ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶችን በአንድ ቃል የጠራሁት እኔ ነኝ። የዛሬው ንግግሬም ስለዚሁ ቃል ነው።

ቤት ስናጸዳ የምንጥለው ጉድፉን ነው፤ ዕቃው በቦታው ይቆያል። በታብሌት ላይ ግን ‹‹አጽዳ›› የሚለው ትእዛዝ አንዳንድ ጊዜ ጉድፉን፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዕቃውን ራሱን ይጠርጋል። ልዩነቱን ለመረዳት በእንግሊዝኛ ካሽ፣ በአማርኛ መሸጎጫ የምንለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የእንግሊዝኛው ቃል ‹‹መደበቅ›› ከሚል የፈረንሳይኛ ግስ የተገኘ ሲሆን፣ የእኛው ደግሞ ‹‹ሸጎጠ›› ከሚለው የመጣ ነው።

ሐሳቡ ከታብሌት እጅግ ይቀድማል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ሞሪስ ዊልክስ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ፣ ከትልቁና ከዘገምተኛው የኮምፒውተር ማህደር አጠገብ ትንሽና ፈጣን ማህደር ቢቀመጥ፣ በቅርቡ የተፈለገው ነገር ደግሞ ሲፈለግ ከትንሹ በፍጥነት ሊገኝ እንደሚችል አመለከቱ። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1968 ይፋ ያደረገው ሲስተም 360 ሞዴል 85 ይህንኑ ዘዴ ለገበያ በቀረበ ኮምፒውተር ላይ አዋለው። የዛሬው የመተግበሪያ መሸጎጫም መርሁ ያው ነው።

ነገሩን ከማጀታችን እንየው። ባልትና የምታውቅ እናት ከትልቁ የበርበሬ ዕቃ ጥቂት ቀንሳ ምድጃው አጠገብ ታስቀምጣለች። ትንሹ ቢደፋ ከትልቁ ይሞላል፤ ትልቁ ቢደፋ ግን እንደገና በርበሬ መግዛት፣ ማድረቅና ማስፈጨት ነው። መሸጎጫ ትንሹ ዕቃ ነው፤ በውስጡ ያለው ሁሉ ዋናው ሌላ ቦታ ያለ ቅጂ ነው።

በአንድሮይድ ታብሌት ላይ ቅንብሮችን፣ ቀጥሎ መተግበሪያዎችን ከፍተን አንዱን ስንመርጥና ወደ ማከማቻ ገጹ ስንገባ ሁለት ትእዛዞች ጎን ለጎን እናገኛለን። አንደኛው መሸጎጫውን ብቻ ያጸዳል። ሁለተኛው ማከማቻውን፣ በቀደሙት ስሪቶች አጠራር ዳታውን፣ ያጸዳል፤ የገባንበትን አካውንት፣ ያስተካከልነውን ቅንብርና መተግበሪያው በራሱ ማህደር ያኖረውን ሁሉ አጥፍቶ፣ መተግበሪያውን ወደ ተጫነበት የመጀመሪያ ቀን ይመልሰዋል። ተማሪዬ የተጫነው ይህን ሁለተኛውን ነበር።

በአይፓድ ላይ ለሁሉም መተግበሪያ የሚያገለግል መሸጎጫ ማጽጃ የለም። በምትኩ መተግበሪያውን አንሥቶ ሰነዶቹንና ዳታውን የሚያስቀር ትእዛዝ አለ፤ ሁለቱንም የሚያጠፋ ሌላ ትእዛዝም አለ። የመጀመሪያው ጥበብ ያለበት ነው፤ መተግበሪያው ከመደብሩ እንደገና የሚወርድ ቅጂ ሲሆን፣ የተጠቃሚው ጽሑፍ ግን ዋና ነውና።

ይሁን እንጂ ቅጂ ማለት ዋጋ የሌለው ማለት አይደለም። ብዙዎቻችሁ የትምህርት ጽሑፎችን የምትቀበሉት በቴሌግራም ነው። የቴሌግራምን መሸጎጫ ስታጸዱ ፋይሉ ከታብሌቱ ይነሣል፤ በአገልጋዩ ላይ ስለሚቆይ ግን መልሳችሁ ማውረድ ትችላላችሁ። ላኪው አጥፍቶት ከሆነ ግን የሚወርድ ነገር የለም። በምስጢራዊ ውይይት የመጣ ፋይልም በአገልጋዩ ላይ ለዘለቄታው አይቀመጥም። ከዚህም በላይ፣ እንደገና ማውረድ የኢንተርኔት ጥቅል ይበላል። ስለዚህ በማከማቻ ገጹ ላይ ቪዲዮዎችን ለይቶ ማጽዳትና ሰነዶችን ማስቀረት ይመረጣል።

መሸጎጫን በየዕለቱ ማጽዳትም ጥቅም የለውም፤ መተግበሪያው መልሶ ይሞላዋል፤ አንድሮይድም ቦታ ሲጠብበው መሸጎጫዎችን በራሱ ይቀንሳል። ዘላቂ ቦታ የሚገኘው የወረዱ ቪዲዮዎችን፣ ተደጋጋሚ ፋይሎችንና የማንጠቀምባቸውን መተግበሪያዎች በማስወገድ ነው። ጥቂት ክፍት ቦታ ሁልጊዜ መተውም ይገባል። የታብሌት ፍላሽ ማህደር በተጻፈበት ቦታ ላይ በቀጥታ ደርቦ መጻፍ አይችልም፤ በቅድሚያ አንድን ክፍል በሙሉ ማጥፋት አለበት። ክፍት ቦታ ሲያጣ ያለውን ዳታ ከቦታ ቦታ እያዛወረ ስለሚሠራ ይዘገያል።

እንግዲህ ሥርዓቱ ይህን ይመስላል። አስቀድማችሁ ቦታውን የያዘው ምን እንደ ሆነ ተመልከቱ። ቀጥሎ ያልተላከውን ላኩ፤ መላክ ካልተቻለ ወደ ሌላ መሣሪያ ገልብጡ፤ ቅጂውም በትክክል መከፈቱን አረጋግጡ። ከዚያ በኋላ መሸጎጫውን አጽዱ፤ ትልልቅ ፋይሎችንም አስወግዱ። ማከማቻን ወይም ዳታን ማጽዳት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። በእያንዳንዱ እርምጃ ጣታችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ቅጂው ነው ወይስ ዋናው?

ተማሪዬ ወደ መስክ ተመለሰ። አብዛኞቹ አባወራዎች በደግነት እንደገና መለሱለት። ‹‹አንድ ጊዜ ተናግረናል›› ብለው በራቸውን የዘጉም ነበሩ። የእነርሱ ቃል ዋናው እንጂ ቅጂ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ምክር ለሚጠይቀኝ ተማሪ ‹‹አጽዳው›› ብዬ አላውቅም፤ የትኛውን እንደ ሆነ በስሙ ጠርቼ እነግረዋለሁ።