በገንዘብ ላይ የተቀረጸ ፊደልና የወላይታ ጽሕፈት

የማተሚያ ፊደል የሚነድፍ ሰው አርአያውን ከብራና ብቻ መፈለግ የለበትም። ገንዘቡም፣ ጆንያውም፣ የሱቁም ሰሌዳ ፊደል ይሸከማሉ፤ የፊደሉንም መልክ በብዙው የሚወስነው መሣሪያው ነው። የሸምበቆ ብርዕ ቋሚውን መስመር ወፍራም፣ አግዳሚውን ቀጭን ያደርጋል። ብረት ቀራጭ ግን ውፍረቱን በፈቃዱ ይሰጣል።

ለምሳሌ 1887 ዓ.ም. የሚል ቀን ያለበትን፣ በፓሪስ የተመታውን የምኒልክን ብር እንመልከት። በንጉሠ ነገሥቱ መልክ ዙሪያ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይላል። ድግግሞሹ ሲወጣለት 20 ፊደል ብቻ ነው፤ 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ዘራቸው ሲቈጠሩ ግን 231 ይሆናሉ። ስለዚህ ነዳፊው የቀረውን ከዘመድ ከዘመዱ ማውጣት አለበት። ገ፣ ጉና ግ ሦስቱም ስላሉ የካዕብና የሳድስ ምልክት እንዴት እንደሚያያዝ ያሳያሉ። የ«ቀ»ን ክብ ከ«ም» ክብ መዋስ ይቻላል። ረና ፈ ግን በዚህ መስመር ቅርብ ዘመድ የላቸውምና እንደ አዲስ መነደፍ ግድ ነው።

ይህ ብር ለወላይታ ቀላል ነገር አይደለም፤ ንጉሥ ጦና የተማረኩትና አገሩ በምኒልክ ጦር የተያዘው በዚያው በ1887 ዓ.ም. ነውና። ፊደሉን ለሶዶ የሱቅ ሰሌዳ የሚያውል ነዳፊ ይህን ዐውቆ ቢመርጥ ይሻላል።

ሌላም ችግር አለ። ወላይትኛ እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ በጉሮሮ ተቋርጦ የሚወጣውንም ድምፅ የምትወክለው የ7 አኃዝ ናት። በተለመደው ማተሚያ ግን 7 የተሠራችው ለሒሳብ ነው፤ ከትንንሾቹ ፊደላት በላይ ዘልቃ ትቆማለች፣ ግራና ቀኟም ክፍት ሆኖ ቃሉን ለሁለት የከፈለች ትመስላለች። ማንበብ ገና ለሚጀምር ልጅ ይህ ቀላል እንቅፋት አይደለም። መፍትሔው ሁለት 7 መንደፍ ነው፦ አንዷ ለቁጥር፣ ሌላዋ ቁመቷ ወርዶ፣ ጎኗ ጠቦ ለንባብ።

ለሁለተኛዪቱ አርአያ የሚሆን ዕቃ በገበያችን ኖሯል። የማርያ ቴሬዛ ብር መቼም ይመታ መቼ የሚይዘው ቀን 1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ 7 እዚያ ከላቲን ፊደላት ጋር በአንድ ክብ መስመር ተሰልፋ ትገኛለች። በብሩ ላይ ያሉት ትልልቆቹ ፊደላት ብቻ ስለ ሆኑ ትንንሾቹን ነዳፊው ራሱ ያወጣል፤ የ7ን ቁመት የሚለካውም በእነርሱ ነው።