ከባሕር ማዶ የሚመጣ አገልጋይና የመናኸሪያ ልጅ

በቅርቡ በሐዋሳ ከሚገኝ አንድ የሰበካ ጉባኤ የልማት ኮሚቴ ጥያቄ ቀርቦልን ነበር። በባሕር ማዶ የሚኖሩ የአጥቢያው ልጆች ገንዘብ አሰባስበው በቤተ ክርስቲያኑ ይዞታ ላይ የሕፃናት ማሳደጊያ ሕንፃ ለማሠራት አስበዋል። ሕንፃው ሲጠናቀቅም በየክረምቱ ከሚኖሩበት አገር ወጣቶች እየመጡ ለሦስት ለሦስት ሳምንት ሕፃናቱን እንዲያገለግሉ ይፈልጋሉ። አባቶች «እንፈርም ወይስ እንተው?» ሲሉ ጠየቁን። አሳቤን ሳላዘገይ ልግለጽ፦ ገንዘቡ መመለስ የለበትም፤ ሕንፃው ግን መሠራት የለበትም። ምክንያቱን እንደ አቅሜ ላስረዳ።

መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ስያሜውን ያገኘው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ነው። ከወላይታ፣ ከሐዲያ፣ ከከምባታ፣ ከጌዴኦና ከሲዳማ ገጠር ወረዳዎች የሚነሡ ተሽከርካሪዎች ተሳፋሪዎቻቸውን ወደዚህ ከተማ ያመጣሉ። ከወራጆቹ መካከል ጓዝ የሌለው፣ ብቻውን ቆሞ ግራና ቀኝ የሚመለከት የዐሥር ወይም የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ማግኘት አዲስ ነገር አይደለም። በመጀመሪያው ቀን «ዕቃ ልሸከም» ይላል። ሲሰነብት ሊስትሮ ይሆናል፤ ወይም ማስቲካና ሶፍት ያዞራል። ወራት ሲያልፉ በረንዳ ላይ ከሚያድሩት ጋር ይቀላቀላል፤ ብርዱንና ረኃቡን ለመርሳት ማስቲሽ መሳብ የሚጀምርም አለ። ሴቶቹ ልጆች በመናኸሪያው ብዙ አይታዩም፤ ገና ከአውቶቡስ ሲወርዱ ደላላ ይቀበላቸውና ወደ ቤት ሠራተኛነት ይወስዳቸዋል። ስለዚህም በጎዳና የምናያቸውን ብቻ ብንቈጥር ስሌታችን ይሳሳታል።

እነዚህን ልጆች ወላጅ አጥ ብሎ መጥራት ተለምዷል። ነገር ግን አጠገባቸው ተቀምጦ በትዕግሥት ለጠየቀ ሰው ብዙዎቹ የእናታቸውን ስምና የቀበሌያቸውን ገበያ ቀን ይነግሩታል። አባት ሞቶ እናት ብቻዋን ቀርታ ይሆናል፤ እናት ሌላ ባል አግብታ እንጀራ አባት ልጁን ጠልቶት ይሆናል፤ መሬቱ ለስድስት ልጅ አልበቃ ብሎ ታላቅየው «ሠርቼ እልካለሁ» ብሎ ወጥቶም ይሆናል። ይህ የሐዋሳ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሴቭ ዘ ችልድረን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ዙሪያ በማሳደጊያ ከሚኖሩ ሕፃናት ከአምስቱ አራቱ ያህል ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት እንዳላቸው ገልጿል። ማሳደጊያ በተከፈተበት አካባቢ ድኻ እናት ልጇን አብልታ ማስተማር ሲያቅታት ወደዚያ ታመጣዋለች፤ ክፋት የለባትም። ሕንፃው ግን ይጠብቀው ዘንድ የታሰበውን ልጅ ወላጅ እንደሌለው አድርጎታል።

ሕፃን በሕንፃ ሲያድግ የሚጎድለው ምግብ ብቻ ቢሆን ኖሮ በገንዘብ ይሟላ ነበር። በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት እ.ኤ.አ. በ2000 በተጀመረ ጥናት በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ገሚሶቹ አሠልጥኖ ለተዘጋጀላቸው አሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ፤ ሌሎቹ በነበሩበት ቆዩ። ወደ ቤተሰብ የገቡት በአእምሮ ዕድገትም ሆነ ሰውን በማመንና በመቅረብ ከቀሩት የተሻሉ ሆነው ተገኙ፤ በተለይም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት። አንድ ሕፃን በየፈረቃው የምትለዋወጥ ሞግዚት ሳይሆን ሲያለቅስ ሁልጊዜ የምትመጣ አንዲት ሴት ያስፈልገዋል። እናቶቻችን ይህን ያለ ጥናት ያውቁታል።

የሦስት ሳምንቱ አገልግሎት የሚጎዳውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ስጽፍ ራሴን ነጻ አላደርግም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውጭ የመጡ ወጣቶችን ተቀብዬ ለጎዳና ልጆች በተዘጋጀ የቀን መቆያ አስተርጓሚ ሆኜ ነበር። ቅን ልጆች ነበሩ፤ መዝሙር አስተማሩ፣ ኳስ ተጫወቱ፣ ፎቶግራፍ ተነሡ፣ ሲሄዱም አለቀሱ። ከዚያ በኋላ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ በየጠዋቱ በር ላይ እየቆመ «ዛሬ ይመጣሉ?» እያለ ይጠይቀኝ ጀመር። ለአንድ ወር ያህል ጠየቀኝ። ከዚያም መጠየቁን ተወ፤ እኔንም «ጋሼ» ማለቱን ተወ። ያን ልጅ ቀድሞ የሄደበት አባቱ ነበር፤ እኛ ሁለተኛ መለየትን አዘጋጀንለት።

እንግዲህ ከባሕር ማዶ መጥቶ ሕፃናትን ማገልገል አይቻልም ማለት ነውን? አይደለም። የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ በዚህ ይጀምራል። የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ታሪክ ካህናት ሁሉ ያውቁታል፤ እኔ አንድ ነገር ብቻ ላመልክት። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ጸሐፊ ሩፊኖስ እንደ ተረከው፣ የጢሮሱ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ወደ አክሱም ምድር የደረሱት ገና ልጆች ሳሉ ነው። ከመርከቢቱ የነበሩት ሰዎች ተገድለው እነርሱ ከዛፍ ሥር ሲያነቡ ተገኙና በሕፃንነታቸው ታዘነላቸው። በዛሬ ቋንቋ ብንናገር ለችግር የተጋለጡ የባዕድ አገር ልጆች ነበሩ። የተቀበላቸውም ለብቻቸው የተሠራ ቤት አልነበረም፤ በንጉሡ ቤት አደጉ። ንጉሡ በሞተ ጊዜ ንግሥቲቱ ልጅዋ እስኪያድግ ድረስ እንዳይለዩአት ለመነቻቸው፤ እነርሱም ቆዩ። ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ሄዶ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና የተቀበለው ሕፃኑ ንጉሥ ካደገ በኋላ ነው። አባታችን አባት የሞተበትን ልጅ ከእናቱ ሳይለይ፣ ቋንቋውን ተምሮ፣ ዓመታትን ሰጥቶ አገለገለ ማለት ነው። ለሦስት ሳምንት አልመጣም።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 2 የሙሴ ነገር ደግሞ ለለጋሾቻችን በቀጥታ የሚሠራ ይመስለኛል። የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን ከወንዝ አውጥታ ደመወዝ ከፍላ እንዲያጠባው የሰጠችው ሳታውቅ ለገዛ እናቱ ነበር። ሀብት ያለው ባዕድ ሰው፣ አደጋ ላይ ያለ ሕፃን፣ ድኻ እናት፤ ገንዘቡም በእናቲቱ እጅ አለፈ። በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 1 ቁጥር 27 ሐዋርያው ወላጅ አልባዎችንና ባልቴቶችን በአንድነት ያነሣቸው በከንቱ አይደለም፤ ልጁን የሚጎበኝ እናቱንም ይጎበኛል።

እዚህ ላይ አንድ አባት «የወይዘሮ አበበች ጎበናስ ሥራ?» ብለው ሞግተውኛል፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ወይዘሮ አበበች በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ሄደው በረኃብ የሞተች እናት ጡት የሚጠባ ሕፃን አግኝተው ወደ ቤታቸው አመጡ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ ከሃያ በለጡ፤ ስለ እነርሱም ቤታቸውንና ትዳራቸውን ተዉ። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የቆዩት ከልጆቹ ጋር ነው። ነገር ግን ረኃቡ እናቶቹን ገድሎ ነበር፤ ወደ እነማን ይመልሷቸው? የመናኸሪያው ልጅ እናት ግን የአንድ ቀን መንገድ በማይሞላ ርቀት ላይ ትገኛለች።

ሕጉንም ኮሚቴዎች ሊያውቁት ይገባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን አስቀርቷል። (ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ ወግ የመጣ ነው፤ አገሩ የሌላውን ልጅ እንደ ራስ ማሳደግን ከማንም አልተማረም።) የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበለው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ድኽነት ብቻውን ሕፃንን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት መሆን እንደሌለበት ይናገራል። እንግዲህ ማንኛውም ኮሚቴ ልጅን ተቀብሎ ከማኖሩ በፊት ፖሊስንና የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትን ማሳወቅ አለበት። በቅንነት ተብሎ በካህን ቤት የሚሰወር ልጅ እናቱ የምትፈልገው ልጅ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ገንዘቡ ምን ይሥራ? ቤተ ክርስቲያን ማንም ለጋሽ የሌለው ሀብት አላት፤ አጥቢያ በየስፍራው አለ። ከመናኸሪያ ሰበካ ወደ ልጁ ወረዳ አጥቢያ አንድ ስልክ ቢደወል አለቃው ቤቱን ያውቁታል ወይም የሚያውቅ ሰው ያውቃሉ። ልጁ ከአውቶቡስ በወረደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተገኘ መመለሱ ቀላል ነው፤ ሲቆይ ይከብዳል። በዚህ ረገድ የተራ አስከባሪዎች፣ የሾፌር ረዳቶችና ሻይ ሻጮች ከእኛ ይልቅ ቀድመው ያዩታል፤ እነርሱን አሠልጥኖ የሚደውሉበት ቍጥር መስጠት ከአንድ የብረት በር ያነሰ ዋጋ ያስወጣል። ሆኖም ልጅን በአውቶቡስ አሳፍሮ መመለስ ብቻ ሥራ አይደለም፤ የወጣበት ምክንያት ካልተነካ በሳምንቱ ተመልሶ እናገኘዋለን፤ አግኝተናልም። ለእናቲቱ የበግ መግዣ ወይም የጉልት ንግድ መነሻ፣ ለልጁ ደብተርና ዩኒፎርም፣ ከእንጀራ አባቱ ጋር ደግሞ የንስሐ አባት ወይም የአገር ሽማግሌ ንግግር ያስፈልጋል። መመለስ የማይቻልበት ልጅም አለ፤ ቤቱ የድብደባ ቤት የሆነበት። ለእርሱ አክስት ወይም አያት ይፈለጋል፤ ካልተገኘም በሕጋዊ መንገድ የሚቀበለው ቤተሰብ። የክርስትና አባትና እናት ቃል የገቡት ለዚህ ቀን አይደለምን?

ብዙዎቹ ልጆች ከሌላ ቤተ እምነት ቤተሰብ የመጡ ናቸው። ዳቦው ማዕተብ ማሰርን ወይም መዝሙር መዘመርን የሚጠይቅ ከሆነ የተራበ ልጅ ሁሉንም ይፈጽማል፤ እምነት ግን አይሆንም፤ ከቤተሰቡ ጋርም ያጋጨዋል።

ከውጭ ለሚመጡት ወጣቶችም ቦታ አለ። ሐኪሙ ወይም ነርሷ የእኛን ማኅበራዊ ሠራተኞች ያሠልጥኑ፤ የሒሳብ ባለሙያው የኮሚቴውን መዝገብ ያስተካክል፤ ሌላው ወደ አገሩ ተመልሶ ለአንዲት ቤተሰብ በየወሩ ሳያቋርጥ ይላክ። የልጆችን ፊት በፌስቡክ የሚለጥፍ እንግዳ ግን በትሕትና ይከልከል።

ኮሚቴው ለለጋሾቹ የሚልከውን መልስ አብረን እያረቀቅን ነው። በመጀመሪያው የስልክ ንግግር ላይ ለጋሾቹ አንድ ነገር ጠይቀዋል፦ በሕንፃው ላይ ሊለጠፍ ስለ ታሰበው የእምነ በረድ ጽሑፍና የሟች ወላጆቻቸው ስም። ስማቸው በቅዳሴ እንዲታሰብ አለቃው ፈቅደዋል፤ የጉልት መደብ ላይ ግን እምነ በረድ አይለጠፍም ብለናቸዋል። መልሳቸውን እየጠበቅን ነው።