የስፒከር ዋጋ ለጆሮ ነው ወይስ ለዓይን?

ከጠረፍ ግዳጅ ለዕረፍት የተመለሱ አንድ የሃምሳ አለቃ ወዳጃችን ከባለቤታቸው ጋር ሳይግባቡ ሰነበቱ። የክርክሩ መነሻ ሁለት የእንጨት ሣጥኖች ነበሩ። የሃምሳ አለቃው በምድብ ቦታቸው ሳሉ ከአንድ ባልደረባቸው ዘንድ የሰሙት የክራር ድምፅ ከልባቸው አልወጣ ቢላቸው፣ በቁጠባ ባጠራቀሙት ገንዘብ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ስመ ጥር ስፒከሮች ሊገዙ ቆርጠው መጡ። ባለቤታቸው በበኩላቸው፣ «የጫማ ሣጥን ለሚያህል ነገር የልጆቹን የዓመት የትምህርት ቤት ወጪ ልትሰጥ ነው?» ሲሉ ተቃወሙ። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት ስለነበራቸው ነገሩን በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ልንመረምረው ወደድን።

በቅድሚያ ገንዘቡ የሚውለው በምን ላይ እንደሆነ እንይ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የነደፉት ኤል.ኤስ. 3/5ኤ የተባለው ስፒከር ነው። ቁመቱ 30፣ ወርዱ 19፣ ጥልቀቱ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የታሰበውም ከስቱዲዮ ውጭ በሚደረግ ስርጭት ጊዜ በጠባብ መኪና ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ የድምፁን ጥራት እንዲቆጣጠርበት ነበር።

ስፒከር ሲሠራ መንቀጥቀጥ የሚገባው ከፊት ለፊቱ ያለው ሾጣጣ ክፍል ብቻ ነው። ነገር ግን የሣጥኑ ግድግዳም አብሮ ይንቀጠቀጥና የራሱን ድምፅ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ዘፋኙ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። መሐንዲሶቹ ይህን ለመከላከል ሣጥኑን ከበርች እንጨት ኮምፔንሳቶ ሠርተው፣ ውስጡን ሬንጅ ባለበት ንጣፍ ለበጡት። ወፍራሙን ድምፅ ለትልቁ፣ ቀጭኑን ለትንሹ ክፍል የሚያከፋፍለውን የኤሌክትሪክ መሣሪያም በጥንቃቄ ቀመሩ። በፈቃድ የሚያመርቱት ፋብሪካዎች እያንዳንዱ ስፒከር ከተወሰነለት ልክ እንዳይወጣ መለካትና ማመዛዘን ነበረባቸው። እንግዲህ የዋጋው አንዱ ክፍል የዚህ ድካም ዋጋ ነው፤ ይህንንም ጆሮ ያውቀዋል። ይህንኑ ስፒከር መነሻ በማድረግ ኬፍ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ኤል.ኤስ. 50፣ ጥንዱ በ1,500 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ለገበያ ቀርቦ ነበር።

ይሁን እንጂ ትንሽ ሣጥን ምንጊዜም ትንሽ ሣጥን ነው። የከበሮን ጥልቅ ድምፅ ሙሉ በሙሉ አያወጣም። ኤል.ኤስ. 3/5ኤ በ1 ዋት ኃይል በ1 ሜትር ርቀት ላይ የሚያሰማው 83 ዴሲቤል ያህል ነው። 86 ዴሲቤል ከሚሰጥ ስፒከር እኩል እንዲሰማ ከተፈለገ የአምፕሊፋየሩ ኃይል በእጥፍ መጨመር ይኖርበታል። ስለዚህ ስፒከሩን የገዛ ሰው ሌላ ወጪ እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ይወቅ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ የሰሚው የራሱ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ የድምፅ ተመራማሪዎች ባደረጉት ሙከራ፣ 40 አድማጮች አራት ዓይነት ስፒከሮችን በመጀመሪያ በመጋረጃ ተከልለው፣ በኋላም ፊት ለፊት እያዩ እንዲመዝኑ ተደረገ። መጋረጃው ሲነሣ ፍርዱ ተለወጠ፤ ርካሹና ትንሹ የፕላስቲክ ስፒከር ቀድሞ ያገኘውን ነጥብ አጣ። ድምፁ ያው ነበር፤ የተጨመረው ዓይን ብቻ ነው። ለሌላ ጉዳይ ቢነገርም «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት እዚህም ላይ ይሠራል።

ይህን ስናጫውታቸው የሃምሳ አለቃውና ባለቤታቸው ተያይዘው ወደ ሱቅ ሄዱ። ስመ ጥሩን ስፒከርና ዋጋው የእሱ ሲሶ የሆነውን ሌላ ጎን ለጎን አስቀምጠው በነጠላ ጋረዷቸው። ባለሱቁ ሁለቱን በእኩል ከፍታ እያፈራረቀ አንድ የክራር ዜማና አንድ ንባብ አሰማቸው። ከፍ ብሎ የሚጮኸው ምንጊዜም የተሻለ ስለሚመስል ከፍታውን ማስተካከል ግድ ነው።

ውጤቱ ሁለቱንም አስደነገጠ። ስመ ጥሩን የተመኙት የሃምሳ አለቃ ከሦስቱ ዙር በሁለቱ ርካሹን መረጡ። የተቃወሙት ባለቤታቸው ግን ሦስቱንም ጊዜ ውዱን ለይተው፣ «ይኼኛው አንባቢው ትንፋሹን ሲስብ ሳይቀር ያሰማል» አሉ። የሃምሳ አለቃውም፣ «እንግዲያው ፈረድሽልኝ!» ብለው ሳቁ። ባለቤታቸውም መለሱ፤ «ልዩነቱን ሰምቻለሁ፤ የሦስት እጥፍ ልዩነት ግን አልሰማሁም።»

እኛም ከዚህ የተሻለ ፍርድ አላገኘንም። ጥሩ ስፒከር ከተራው ይበልጣል፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር ጆሮ የሚያገኘው ጥቅም እያነሰ፣ ለዛፉ ዓይነት፣ ለቀለሙና ለስሙ የሚከፈለው እየበዛ ይሄዳል።

ባልና ሚስቱ ርካሹን ጥንድ ገዙ። ከተረፈው ገንዘብ የሚበልጠው ለልጆቹ ትምህርት ተቀመጠ፤ በጥቂቱ ደግሞ ወፍራም ምንጣፍና መጋረጃ ተገዛ። ይህም የቤት ማስጌጫ ብቻ አልነበረም፤ የሲሚንቶ ወለልና ባዶ ግድግዳ ድምፁን እየመለሱ ያደበላልቁታል፣ ምንጣፍና መጋረጃ ግን ከዚያው ይቀንሳሉ። ስፒከሮቹንም ከግድግዳው ጥቂት አራቁ፤ ግድግዳ የተጠጋ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ከልክ በላይ ያገንነዋልና። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር አስተካከሉ፤ በሁለቱ ስፒከሮችና በመቀመጫው መካከል ያለውንም ርቀት እኩል አደረጉ።

የሃምሳ አለቃው ወደ ግዳጃቸው በተመለሱበት ዋዜማ ቤታቸው ጎራ ብለን ነበር። ክራሩ ይሰማል፤ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ያጠናሉ። «ያ የጠረፉ ክራር ይህን ይመስል ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። ጥቂት አዳምጠው፣ «ያኛው ሳይሻል አይቀርም» አሉ፤ «ግን ያንን ስሰማ ብቻዬን ነበርኩ።»