ዱባ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ

በአሜሪካ ኦክቶበር ሲገባ፣ በእኛ መስከረም ሲገባደድ ማለት ነው፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሆናቸው ልጆች በሚውሉባቸው ፕሪስኩሎች አንድ ትልቅ ብርቱካንማ ዱባ ጠረጴዛ ላይ ጉብ ይላል። ልጁን ሊወስድ ብቅ ያለ ሐበሻ ወላጅ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ወጥ ነው። ዱባው ግን ለድስት አልመጣም። ወሩን ሙሉ ይታጠባል፣ ይመዘናል፣ ይለካል፣ በመዶሻ ይመታል፣ ይከፈታል፣ በመጨረሻም እንዲበሰብስ ይተዋል።

ከአትክልት ሁሉ እሱ የተመረጠው በምክንያት ነው። አንደኛ፣ ወቅቱ የእሱ ነው። ገበሬዎች ዘሩን በሜይ መጨረሻና በጁን ይዘራሉ፤ እንደ ዝርያው ከ90 እስከ 120 ቀን ስለሚፈልግ ለኦክቶበር ይደርሳል። ሁለተኛ፣ የአህጉሩ ተወላጅ ነው። በደቡብ ሜክሲኮ፣ በዋሃካ ዋሻ ውስጥ የተገኙ የዱባ ፍሬዎች ዕድሜ ወደ 10,000 ዓመት ይጠጋል። ዛሬ በአሜሪካ በዱባ ምርት የምትመራው ኢሊኖይ ናት። ለመምህራን ግን ሦስተኛው ምክንያት ይበልጣል፤ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ እስኪከፈት ድረስ ሳምንታት ይቆያል፣ ልጆች ቢያንከባልሉት ይችላል፣ ዋጋውም አይከብድም።

ብዙ ፕሪስኩሎች ልጆቹን ይዘው ወደ ዱባ እርሻ ይወጣሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድ ጀርመንታውን ያለው በትለርስ ኦርቻርድና በቨርጂኒያ ሴንተርቪል ያለው ኮክስ ፋርምስ በዚህ ወቅት በቤተሰብ ይሞላሉ። ትራክተር በሚጎትተው ጋሪ ገለባ ላይ ተቀምጦ ማሳ መሃል መውረድ ለልጅ ትልቅ ጉዞ ነው። ዱባን ከሱፐርማርኬት ደጃፍ ብቻ የሚያውቅ ልጅ፣ ሐረጉ መሬት ለመሬት ተስቦ፣ ቅጠሉ ጠውልጎ፣ የፍሬው አንድ ጎን አፈር ለብሶ ያገኘዋል። ሲመርጥም አንድ ምክር ይነገረዋል፤ ዱባን አናቱ ላይ ባለችው ግንድ አያንጠለጥሉም። ግንዷ ከተሰበረች ዱባው ቶሎ ይበሰብሳል።

ከክፍል ሥራዎቹ ሁሉ ልጆችን የሚያከራክረው የውሃው ነው። ሰፊ ገንዳ ይቀርባል። መምህሯ አንድ ሳንቲምና ልጆቹ ለሁለት የሚያነሱትን ዱባ ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ “የትኛው ይሰምጣል?” ትላለች። ምንም ነገር ውሃ ሳይነካ እያንዳንዱ ልጅ ግምቱን ሰሌዳ ላይ ያስመዘግባል። አብዛኞቹ በዱባው ላይ ይፈርዳሉ፤ ከባድ ነዋ! ከዚያ ሳንቲሟ ጥልቅ ትላለች፣ ዱባው ይንሳፈፋል። አንዱ ልጅ በሁለት እጁ ወደ ታች ቢጫነውም ሲለቀው ብድግ ይላል። ነገሩ ያለው ሆዱ ውስጥ ነው፤ መሃሉ ክፍት ሆኖ አየር ስለያዘ፣ በመጠን እኩያው ከሆነ ውሃ ይቀላል። ጎበዝ መምህርት ይህን ወዲያው አትናገርም። “ውስጡ ምን ያለ ይመስላችኋል?” ብላ ትተወዋለች፤ መልሱ ዱባው እስከሚከፈትበት ቀን ያድራል። የትምህርቱ ሁሉ አንኳር ይኸው ነው፤ መጀመሪያ መገመት፣ ቀጥሎ መሞከር፣ ከዚያም ግምቱን ካዩት ነገር ጋር ማስተያየት።

ልኬቱም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ልጁ የዱባውን ወገብ ይዞራል ያለውን ያህል ሲባጎ ይቆርጥና ይሞክራል፤ ሲያጥረው ወይም ሲተርፈው እንደገና ይቆርጣል። ሌላው ተወዳጅ ሥራ የጎልፍ ኳስ የሚቀመጥባቸውን ትንንሽ ሹል እንጨቶች በእንጨት መዶሻ ቅርፊቱ ላይ መትከል ነው። ለሚሰማው ሰው ጫጫታ ነው፤ ነገር ግን ዓይንና እጅ የሚናበቡት፣ ነገ እርሳስ የሚጨብጡት ጣቶችም የሚጠነክሩት እንዲህ ነው።

በመክፈቻው ቀን ቢላው የአዋቂ ነው። ክዳኑ ሲነሳ እስከ ክርናቸው የሚዘፍቁ ልጆች አሉ፤ በአንድ ጣት ነክተው የሚሸሹም አሉ። የሸሸው አይገደድም፤ ማንኪያ ይሰጠዋል። ፍሬው ከዝልግልጉ ተለይቶ ይታጠባል፣ አሥር አሥር እየተደረገም ይቆጠራል። ቆልቶ መብላት ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ሆኖም የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ4 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዲህ ያለ ፍሬና ለውዝ እንዳይሰጥ ይመክራል፤ ጉሮሮ ላይ ሊቀር ይችላልና።

ከተከፈተ በኋላም ሥራው አያልቅም። አንድ ቁራጭ ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ይከደናል። ቀን በቀን ሻጋታ ያወጣል፣ ይጠቁራል፣ ውሃ ይሆናል፤ ልጆቹም የሚያዩትን ይስላሉ። የሻጋታው ብናኝ በተለይ አስም ላለበት ልጅ ስለማይበጅ ክዳኑ አይነሳም። ሌሎች መምህራን የተቦረቦረውን ዱባ አፈር ሞልተው የራሱን ፍሬ ይዘሩበታል፤ ሲበቅል አሮጌው ዱባ ለአዲሱ መደብ ይሆናል።

ሃሎዊን የማያከብሩ ወላጆች እዚህ ላይ ቅር ሊላቸው ይችላል። ፊት የተቀረጸበትና መብራት የበራበት ዱባ የሃሎዊን ምልክት ነው፤ ልማዱንም ያመጡት የአየርላንድና የስኮትላንድ ስደተኞች ሲሆኑ በአገራቸው ይቀርጹ የነበረው ቀይ ሥር መሰል የሥር አትክልት ነበር። የክፍሉ ዱባ ግን ስለ መኸር፣ ስለ ቁጥርና ስለ ዕፅዋት ዕድገት ነው፤ ሃሎዊንን ጨርሰው የማያነሱ ፕሪስኩሎችም በዱባ ያስተምራሉ። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንዲሉ፣ ሁለቱን ለይቶ መምህሯን መጠየቅ ይበጃል።

ይህ ሁሉ እቤት፣ በአማርኛ ሊሠራ ይችላል። ለወጡ የሃሎዊኑን ትልቅ ዱባ አይግዙ፤ ውሃና ክር ይበዛዋል። ትንሹ ጣፋጭ ዱባ ወይም በተርነት የሚባለው ለቁሌቱ ይሻላል። ከመክተፍዎ በፊት ልጁን “ስንት ፍሬ ያለው ይመስልሃል?” ይበሉትና ግምቱን ይጻፉለት። ቁጥሩን ቀድመው አይንገሩት፤ እሱው ቆጥሮ ይንገርዎት።